አረንጓዴው የባልዲ ልብስ

መጋቢት 18

ይድረስ ለመርፌው ጌታ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይስ አሁንም የደንበኞችህ ልብስ ላይ እያስነጠስክ ነው? እኔ ከሙቀቱና ከትንኙ በቀር ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። እዚህ ስልክ እንደማይዝ ታውቃለህ፤ የምርምር ጣቢያችን ሾፌር ደግሞ መኪናው ተበላሽቶበት ከርሞ ገና ዛሬ መጣ፤ ያንተን ጥቅል ይዞ!

አይ አንተ! ስፈታው በሳቅ ልሞት ነበር። ለባልዲ ልብስ ስፋልኝ አልኩ እንጂ ሙሽራ አድርጋቸው አልኩህ? ከላይ ላስቲክ፣ ከታች ላስቲክ፣ ጠርዙ ሁሉ ተዘምዝሞ! የመረብ ጎጆዎቹማ እኔ ከምኖርበት ክፍል ይሻላሉ። አለቃችን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስፌቱን አገላብጠው አዩና «ባልሽ እኔንም ሱሪ ይስፋልኝ» አሉ።

«ባልዲ ለምን ልብስ ያስፈልገዋል፣ ይበርደዋል እንዴ?» ብለህ በሾፌሩ አፍ ላክህብኝ። በል ስማ። ጠላታችን አገዳ ቆርቁር ነው። ለአንተ ማስተዋወቅ የለብኝም፤ አምና የእናትህን በቆሎ ውስጥ ውስጡን በልቶ ባዶ ቱቦ ያደረገው ትል ነው። ትሉ አንዴ አገዳው ውስጥ ከገባ ማንም አይደርስበትም። ስለዚህ እኔ የምከታተለው እናቱን ነው። እናቱ የሌሊት ቢራቢሮ ናት። ሲጨልም ትመጣለች፣ ተክሉን ትመርጣለች፣ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ልጆቿ የሚያድጉበትን ቤት የምትመርጠው እሷ ናት!

ጥያቄዬ ይህ ብቻ ነው፤ በቆሎና ዝሆኔ ሣር ጎን ለጎን ቢቀርቡላት የቱን ትመርጣለች? ዝሆኔ ሣር ያ ከሰው ቁመት የሚበልጠው፣ ለከብት የሚታጨደው ሣር ነው። እሱን ከመረጠች ተገላገልን። ማሳውን በሣር እናጥረዋለን፤ ቢራቢሮዋ ዳር ላይ ትቀራለች። ሣሩ ደግሞ ሲቆረቁሩት ሙጫ ያወጣል፣ ሙጫው ትንንሾቹን ትሎች አጣብቆ ይገድላል ይባላል። መድኃኒት የለ፣ መርጫ የለ! እንግዲህ ተክሎቹን በባልዲ አሳድጌ መረብ ጎጆ ውስጥ አስገባቸዋለሁ፣ ቢራቢሮዎቹን እለቅባቸዋለሁ፣ ጠዋት እንቁላል እቆጥራለሁ። ባልዲው ልብስ የለበሰው ቢራቢሮዎቹ አፈሩ ውስጥ እንዳይደበቁብኝ ነው። ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርግ ብዬህ ነበር፤ አንተ ግማሹን ነጭ፣ ግማሹን አረንጓዴ አደረግከው። ግድ የለም፣ እንዲያውም ተመቸኝ። በቆሎውን አረንጓዴ፣ ሣሩን ነጭ አልብሼ ከሩቅ እለያቸዋለሁ።

ስለ እናትህ ስለ እማማም ጠይቀሃል። ቅዳሜ ሄጄ አየኋቸው፤ ጤናቸው ደህና ነው። ነገር ግን የሰማሁትን ልደብቅህ አልችልም። «ዘንድሮ የመጨረሻ ነው፤ ይህንንም ትል ከበላው መሬቱን ሸጬ ልጄ ዘንድ እገባለሁ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ማሳውን እንጂ እኔን አላዩም።

ያንተው የትል ሞግዚት


መጋቢት 27

ለትሎቹ ሞግዚት፣ ለቤቴ እመቤት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጉንፋኑ ለቆኛል። አንቺ ስለሌለሽ ግን ቤቱ ጭር ብሏል፤ የሚጨቀጭቀኝ ሰው አጥቼ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ነው የምውለው።

በመጀመሪያ ስለ ቀለሙ ልመልስልሽ። ነጩ ጨርቅ መሀል ላይ አለቀብኝ። ሱቅ ሄጄ ልገዛ ስል ሳጥኔ ውስጥ ለተማሪ ዩኒፎርም ብዬ ያስቀመጥኩት አረንጓዴ ጣቃ ትዝ አለኝ፤ ትምህርት ቤቱ ቀለም ቀይሮ ያስቀረብኝ። ባልዲ ቀለም አይመርጥም ብዬ ቆረጥኩት። ሰው ሲለካ ሆዱን ይስባል፣ ይንቀሳቀሳል፣ «ጠበበኝ» ይላል፤ ባልዲ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከእንግዲህ ባልዲ ብቻ ነው የምሰፋው።

ስለ እማዬ የጻፍሽውን ካነበብኩ ወዲህ እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል፤ ትናንት ለአንድ ኮት ሁለት ግራ እጅጌ ገጠምኩለት። እማዬ እኮ ከተማ መጥታ ከሁለት ቀን በላይ ውላ አታውቅም። መስኮቱን ከፍታ የጎረቤት ግድግዳ ታያለች፣ ትዘጋዋለች፣ ደግሞ ትከፍተዋለች። ያንን ማሳ ሸጣ እዚህ ከመጣች ቶሎ ነው የምታረጅብኝ። በሌላ በኩል እናቴ ናት፣ ብትመጣ የምትተኛበት ይኑራት ብዬ ለእንጨት ሠሪው አንዲት አልጋ አዝዣለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ የጨርቅ ቁልሉ ካለበት ጥግ ትገባለች።

እንግዲህ ያቺን ቢራቢሮ ለምኚልኝ። ሣሩን ትምረጥ። ምን ይጎዳታል?

ልብስ ሰፊሽ


ሚያዝያ 6

እልልልል በል! ቆመህ አንብበው!

ሰላምታውን ሌላ ቀን አቀርባለሁ፤ ዛሬ አልችልም። መረጠች! ሣሩን መረጠች! አረንጓዴ የለበሱት በቆሎዎች ላይ ምንም የለም፤ አገላብጬ፣ ቅጠሉን በማጉያ መነጽር አይቼ ምንም! ሣሩን ገልጬ ሳይ ግን ቅጠሉ ከአገዳው ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ሁሉ እንቁላሉ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ምናልባት ጥጉን ወድዳው ይሆናል ብዬ ባልዲዎቹን አቀያየርኩ፤ በቆሎውን ሣሩ በነበረበት፣ ሣሩን በቆሎው በነበረበት። ጠዋት ብመጣ ያው ነው! ደግሜ አቀያየርኩ፤ ያው! ጮቤ ረገጥኩልህ። አለቃችን እንኳ፣ ሲደሰቱ ጉሮሯቸውን ብቻ የሚጠርጉት ሰውዬ፣ «እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ምርጫ አይቼ አላውቅም» አሉ። ለሚመጣው የተመራማሪዎች ጉባኤ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ።

ደግሞ ስማ፤ እማማ መጡ! ወፍጮ ቤት ሄደው ሲመለሱ «ምራቴ የምትሠራበትን ልይ» ብለው ገቡ። እጃቸውን ይዤ ጎጆዎቹን ሁሉ አሳየኋቸው። ቢራቢሮዋን ሲያዩ «ይቺ ናት? ይቺ ብናኝ የምታክል ናት ያን ሁሉ የፈጀችብኝ?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ አንዱን አረንጓዴ የባልዲ ልብስ አንስተው «ይህ የልጄ ስፌት ነው አይደል?» አሉና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሳያቸው ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ልጄን ልጄን ይሸታል» አሉኝ። አንጀቴን በሉት! ስፌትህን እንኳ በጠረኑ ያውቁታል።

ሲወጡ ምን አደረጉ መሰለህ? አንድ ሸክም የሣር ቁራጭ አስቆረጡ። «ጥናቱ ገና ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ እማማ» ብላቸው «ዝናቡ ይጠብቀኛል? ልጆቼ አይታችኋል፣ ለእኔ ይበቃኛል» አሉ። ከማሳው ዙሪያ ሦስት ሦስት መስመር በቆሎ የሚዘራበትን መሬት ለሣሩ ሰጥተውታል። ጎረቤቶቻቸውም አይተው ተከትለዋል አሉ። አልጋውን ለእንጨት ሠሪው መልስለት! እማማ የትም አይሄዱም!

ደስታ ያሰከራት ሚስትህ


ሚያዝያ 14

የኔ ጀግና፣

እልል ብያለሁ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ደንበኛውን በግማሽ የተላጨ ጢም ይዞ ትቶት «ወንድ ነው ሴት?» እያለ እየሮጠ መጣ። «ሣር ነው!» አልኩት። እስካሁን አልገባውም።

እማዬ ልጄን ልጄን ይሸታል ያለችውን ሳነብ ሆዴ ባባ። ግን እንዳይገርምሽ፣ እውነቷን ነው። አረንጓዴው ጣቃ የተቀመጠው በአባቴ ሳጥን ውስጥ ነው። አባቴም ልብስ ሰፊ አልነበረ? ጨርቁን ሁሉ እዚያ ሳጥን ውስጥ፣ በናፍታሊን መሀል ነበር የሚያስቀምጠው፤ እኔም ከእሱ የወሰድኩት ልማድ ነው። ብል እኮ የልብስ ሰፊ ጠላት ናት! ያ ጣቃ እዚያ ሲከርም በየእጥፋቱ ነጫጭ ኳሶቹን እየጨመርኩለት ነው የኖረው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት «ሳጥኑ» ነበር የሚሉኝ፤ ሸሚዜ ሁሌ ናፍታሊን ናፍታሊን ስለሚሸት። እማዬ የሸተታት እሱ ነው። ስለዚህ የባልዲዎችሽን ልብስ ብል ይበላብኛል ብለሽ በጭራሽ እንዳትሰጊ፤ የባልሽ ዕቃ ነው፣ ነፍሳት የሚባል አይጠጋውም!

አልጋውን ለመመለስ ሄጄ ነበር። እንጨት ሠሪው «እግሩን ጨርሻለሁ፣ የት ልወስደው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። እንግዲህ ይቆይ፤ እንግዳ ይተኛበታል።

ኩሩው ባልሽ


ሚያዝያ 19

ኧረ ጉድ! ኧረ ጉድ ፈላ!

ደብዳቤህን በር ላይ ቆሜ እየሳቅሁ እያነበብኩ ነበር። ናፍታሊን የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ክው አልኩ። «ነፍሳት የሚባል አይጠጋውም» የምትለው ጋ ስደርስ ደግሞ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የኔ ጌታ፣ ምን አደረግከኝ!

ልብ በል እንጂ! ብል ማለት የዚችው የቢራቢሮዬ ዘመድ ናት። አንዷን የሚያባርር ሽታ ሌላዋንም ያባርራል። እኔ በቆሎውን ሁሉ አረንጓዴ፣ ሣሩን ሁሉ ነጭ አልብሻለሁ። ባልዲዎቹን ብቀያይር፣ ባዞር፣ ባገላብጥ ሽታው ከበቆሎው ጋር ነው የሚዞረው! ቢራቢሮዎቹ ሣሩን መርጠው ነው ወይስ ከናፍታሊኑ ሸሽተው? አላውቅም። ማንም አያውቅም። ያ ሁሉ እልልታ ለሳጥንህ ሊሆን ይችላል።

«እንዴት አልሸተተሽም?» እንደምትል አውቃለሁ። የጣቢያችን መጋዘን ከጥግ እስከ ጥግ የፀረ ተባይ ሽታ ነው፤ የሁላችንም አፍንጫ ከሞተ ቆይቷል። የሸተታቸው እማማን ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ናፍቆት ነው ብዬ አለቀስኩ!

ለአለቃችን ሄጄ ነገርኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አዩኝና በሳቅ ፈነዱ፤ እንባቸው እስኪወርድ። «ጉባኤው ላይ ቆመሽ ብትሰሚው ይሻልሽ ነበር? ድገሚው» አሉ። እሳቸው ይሳቁ። እኔ ግን እማማን ነው የማስበው። በቆሎ ሊዘሩበት የሚችሉትን መሬት በእኔ ወሬ ለሣር ሰጥተዋል። ቢራቢሮዋ ከልቧ የምትወደው በቆሎውን ከሆነ ሣሩ አይመልሳትም፤ ዘልላው ትገባለች። ማሳው ከተበላ ይሸጣል። የሸጥኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።

አሁኑኑ አዲስ ልብስ ስፋልኝ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ከአንድ ጣቃ። ሳጥኑ አጠገብ እንዳይደርስ! ለእማማ ልንገራቸው ወይስ ውጤቱን ልጠብቅ? ምከረኝ፣ ጭንቅላቴ አልሠራ ብሏል።

የተቃጠለችው ሚስትህ


ሚያዝያ 25

ይቅር በይኝ።

ሌላ ምን እላለሁ? ላመሰግንሽ ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ሥራሽን ገደል ከተተው። አንብቤ ስጨርስ ራሴን በመቀስ ልወጋ ቃጣኝ። «እሺ ባልዲ አይመርጥም፣ ቢራቢሮስ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ጥቅሉን ከሾፌሩ ተቀበይ። እንዴት እንደተሰፋ ልንገርሽ፣ ቢያንስ ሳቂ። ጨርቁን ከሻጩ እጅ ተቀብዬ ቤቴ አላስገባሁትም። የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ፀጉር አስተካካዩ በረንዳ ላይ ተከልኩት። ልቀመጥ ስል የለበስኩት ሸሚዝ ራሱ ከሳጥኑ የወጣ መሆኑ ትዝ አለኝ! አውልቄ ወረወርኩት። ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ሸሚዝ አበደረኝ፤ ሰውዬው የእኔን እጥፍ ስለሆነ ድንኳን ውስጥ ገብቼ የምሰፋ ነበር የምመስለው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። «የቢራቢሮ ሙሽራ ልብስ ነው» እላለሁ። ሁሉም ነጭ ነው፣ እንዳልሽው ከአንድ ጣቃ። ልዩነት ካገኘሽበት መርፌዬን እሰቅላለሁ።

ለእማዬ ንገሪያት። እማዬን የሚያሳምማት መጥፎ ወሬ አይደለም፤ ሰው የደበቃት ቀን ነው የምትታመመው። አባቴ የታመመ ጊዜ ደብቀናት ስንት ዓመት እንደተቀየመችን አውቃለሁ። ጥፋቱ የልጅሽ ነው በያት። እኔን ትቆጣኝ፣ ለምጃለሁ።

ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ናፍታሊኑ ይህን ያህል ካባረራቸው ለማሳው ሁሉ በናፍታሊን የታጠበ ልብስ ብሰፋለትስ?

ሳጥኑ


ግንቦት 12

ለሳጥኑ፣

እሱን ሐሳብህን ለማንም እንዳትናገር! መርዝ ነው፤ እንኳን ማሳ ላይ ሸሚዝህም ላይ በዛ።

አውቃለሁ፣ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መጥቶብሃል። «ዝም ማለትሽ መጥፎ ወሬ ስላለ ነው?» ብለህ የላክኸውን አነበብኩ፤ ልቤም ተነካ። ግን ማልኩልህ፤ አንዴ እልል ብዬ ስለተዋረድኩ አሁን ደግሜ ደጋግሜ ሳላይ አንዲት መስመር አልጽፍም አልኩ። ወረቀቱን አዙረህ መጨረሻውን ለማየት እንዳትሞክር፤ በቅደም ተከተል ነው የምነግርህ!

መጀመሪያ እማማ ዘንድ ሄድኩ። አጥራቸው ሥር የሣሩን እግር እየኮተኮቱ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ናፍታሊኑ፣ ስለ ቢራቢሮዋ ሽሽት። ቁጣቸውን ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ምን አሉ? «ቆይ፣ ከልጄ ሽታ ነው የምትሸሸው? ምን አደረጋት?» ተቀይመው እኮ ነው! ለአንተ ተቀይመውልህ! ትሉን ረስተው ቢራቢሮዋን ሰደቧት። ከዚያ መኮትኮቻቸውን አስቀምጠው አሰቡና «ሣሩ በቅሏል፤ የበቀለ ነገር አልነቅልም። ለበጎም ሆነ ለክፉ አብረን እናየዋለን። አንቺ ሂጂና ሥራሽን በደንብ ሥሪ» አሉኝ። ደህና አድርገው ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሥራዬን በደንብ ሠራሁ። ነጭ በነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። በመጀመሪያው ጠዋት ጎጆውን ከፈትኩ። በቆሎው ላይ እንቁላል አለ! ወይኔ ብዬ ልቀመጥ ስል ወደ ሣሩ ዞርኩ። እዚያም አለ፤ ይበልጣል! ደገምኩት። ይበልጣል። ከሌላ ቦታ የመጡ ቢራቢሮዎች አምጥቼ ደገምኩት። አሁንም ይበልጣል! እንደ ድሮው ጥርት ያለ አይደለም፤ በቆሎውንም አልናቁትም። ግን ምርጫ ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ሣሩን ነው የሚሉት፤ ያለ ናፍታሊን፣ ያለ ሳጥን፣ በገዛ ፈቃዳቸው!

ገና ነው፣ አትጩህ። እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ የሣሩን አገዳ ሰንጥቄ አየሁት። ጥቃቅኖቹ ትሎች ገና ቆርቁረው ሳይገቡ ሙጫው ውስጥ ተጣብቀው ቀርተዋል። አለቃችንን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለት ጊዜ! እናት ለልጆቿ የመረጠችው ቤት ነው የሚገድላቸው፤ በእናትነቷ ሳስባት ትንሽ አሳዘነችኝ፣ እንደ እማማ ምራት ግን ደስ አለኝ።

አሁን ጎጆ ጎጆ ነው፣ ማሳ ማሳ ነው። ሜዳው ላይ ምን እንደምታደርግ እስከ ምርት ድረስ አናውቅም። እልልታህን አስቀምጣት።

ምላሷን የሰበሰበችው ሚስትህ


ሐምሌ 9

ለእመቤቴ፣

እልልታዬን እንዳዘዝሽኝ አስቀምጫታለሁ፤ በሳጥን አይደለም።

«አልጋውን ለምን አስጨረስከው፣ ሟርት ነው» ብለሽ በሾፌሩ አፍ ተቆጥተሽኛል። ሟርት አይደለም። ሰውዬው ያልተገጣጠመ እግርና ጣውላ በሬ ላይ አጋድሞብኝ ነበር፤ ምን ላድርግ? እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ ግን ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ማታ ሱቁን ዘግቼ ስገባ ባዶውን አልጋ አየውና «እማዬ እዚህ ብትሆን ወሬ እናወራ ነበር» እላለሁ፤ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ መሬቷን ሸጣ፣ አንገቷን ደፍታ እዚያ ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ ይታየኛል፤ ላብ ያጠምቀኛል። አጠገቤ ብትሆን እወዳለሁ፤ እንዲያ ሆና ግን አትምጣብኝ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገሩን ሰምቷል። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ ሲቀመጥለት ከማበጠሪያው በፊት ስለ አገዳ ቆርቁር ነው የሚነግረው። ጠዋት ጠዋት በሩን ሳልከፍት «በቆሎው እንዴት ሆነ?» ይሉኛል። እኔም «ቆሟል» እላለሁ። ቆሟል አይደል? በዚህ ብቻ መልሽልኝ፤ አጭር ይሁን ግድ የለም።

ባልሽ


ሐምሌ 20

ቆሟል።

ሚስትህ


ጥቅምት 4

ይድረስ ለልብስ ሰፊው፣ ለእማማ ልጅ፣ ለእኔ ባል፣

አሁን እልልታህን አውጣት! አውጣትና ሰፈሩን አናውጠው!

እንዴት ብዬ ልጀምርልህ? እማማ ከማጨዳቸው በፊት አገዳ መርጠው በቢላ ከላይ እስከ ታች እንደሚሰነጥቁ ታውቃለህ፤ ትል የሄደበት እንደሆነ ውስጡ ጥቁር ቦይ ይሆናል። አምና የሰነጠቁት ሁሉ ጥቁር ነበር። ዛሬ «አንቺም ነይ፣ ጎረቤቶቹም ይምጡ፤ ከሆነም ከቀረም በሰው ፊት ይሁን» ብለው ጠሩን። አለቃችንም መጡ። እኔ ከኋላ ቆምኩ።

መጀመሪያ ዳር ያለውን ሣር አዩት። ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል! ሰነጠቁት፤ ትሎቹ ሙጫው ውስጥ ደርቀው ቀርተዋል። እማማ ወደ በቆሎው ገቡ። አንዱን ቆረጡ፣ ሰነጠቁት። ነጭ! ሌላ ቆረጡ፤ ነጭ! ሦስተኛው ላይ አንዲት ትል አገኙ። በጥፍራቸው አውጥተው ጣሏትና «አንቺማ ብቻሽን ምን ታመጪያለሽ» አሏት። ከዚያ መሀል ማሳው ድረስ እየሰነጠቁ ሄዱ። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ! ፍሬውማ ፊቱን ብታየው ጥርሱ ሁሉ ሙሉ ነው። ቢላውን ጣሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም ተንሰቀሰቅኩ። አለቃችን ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ሞክረው አልቻሉም።

ሲረጋጉ መጀመሪያ ያሉት ቃል እነሆ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩት። «መሬቴን አልሸጥም። እኔ ወደ ልጄ የምሄድበት ምክንያት የለም። እሱ ይምጣ።»

ቀልድ መስሎህ እንዳትስቅ። አለቃችን ሥራዬን ለሚቀጥሉት ዓመታት አራዝመውልኛል፤ ከሌሎች ሣሮችም ጋር እንድሞክር። ጎጆና የባልዲ ልብስ ሁልጊዜ የሚሰፋ ሰው ጣቢያው ይፈልጋል፤ «ያንን መርፌውን ሊሰቅል የማለውን ሰው አምጪው» አሉኝ። እማማ ደግሞ በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል ለስፌት መኪናህ ባዶ አድርገዋታል። መስኮቷ በቆሎውን ታያለች። ያቺን አልጋ ፈትተህ ጫናት፤ እንግዳ አትጠብቅም፣ የእኛ ትሆናለች። ሟርት ነው ያልኩትን ይቅር በለኝ።

ሁሉን ነገር አምጣ። ሳጥኑን ግን እዚያው ተወው፤ ለምነህም ቢሆን ለፀጉር አስተካካዩ ስጠው። ይህን ስጽፍ እማማ ከጎኔ ሆነው «ምን አልሺው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አቤት ቁጣ! «የባሌን ሳጥን? ሳጥኑን ካልያዘ አይምጣ! ከእኔ አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ቢራቢሮዋ ከጠላችው እሷ ወደ ቤቴ አትምጣ!» እንግዲህ በሁለት ሴቶች መሀል ነህ። ራስህ ዳኝ።

የምትጠብቅህ


ጥቅምት 15

ለሁለቱም እመቤቶቼ፣

አልጋው ተፈትቷል። የስፌት መኪናዬ በብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። ፀጉር አስተካካዩ ሸሚዙን በማስታወሻ ሰጥቶኛል፤ ሲያቅፈኝ የደንበኛው አረፋ ጀርባዬ ላይ ቀረ። እልልታዬን ደግሞ መንገዱ መሀል ላይ አውጥቻታለሁ፤ አንድ ባስ ቆሟል።

ስለ ሳጥኑ እንዲህ ፈርጃለሁ። ናፍታሊኑን አንድም ሳላስቀር አውጥቼ ጣልኩ። ሳጥኑን ከውስጥ ከውጭ በሙቅ ውኃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ ክዳኑን ከፍቼ ፀሐይ ላይ አሰነበትኩት፣ አሁን አፍንጫዬን አስገብቼ ብስበው የእንጨት ሽታ ብቻ ነው። ቢራቢሮዎችሽ ሊሰጉ አይገባም። ነገ ጠዋት ከሾፌሩ ጋር እንነሳለን።

እማዬ ሳጥኑን ከፍታ ሽታውን ብታጣው እንዳይከፋት ቀድመሽ ንገሪያት። ልጇ ራሱ አብሮ ተጭኖ እየመጣ ነው።